ወለላ በር ያስረከበችበት ሰርግ

አለፈች። በቃ፣ አለፈች። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት ተለጥፏል፤ ስሟም ከአላፊዎቹ መሀል ቁጭ ብሏል፣ ያውም ከጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን መሀል ላይ ተደላድሎ። ወሬው እስከ ምሳ ድረስ ከመናኸሪያው ገበያው እንደሚደርስ አውቃለሁ። ግን ወሬ ብቻውን ሲሄድ ግማሹን መንገድ ላይ ይጥለዋል። «አለፈች» ይባላል፣ እንዴት እንዳለፈች ግን ማንም አይናገርም። ስለዚህ እግሬን ሳላነሳ ልጻፈው።

ያለፈችው ወለላ ናት፣ የጤና ረዳቷ ወለላ። እሷ መርፌ ስትወጋ ልጆች የሚያለቅሱት ነጭ ጋወኗን ሲያዩ ነው እንጂ መርፌው መግባቱንስ አያውቁትም። ጤና ጣቢያ ሄዶ የማያውቅ የቆቦ ሰው ደግሞ በሰርግ ያውቃታል። በር ያዢዋ ወለላ ማለት እሷ ናት።

ወጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በር ይዞ አላስገባም ይላል። ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ከረሜላ ይበትናሉ፤ ትንሽ ከተገፋፉ በኋላ ይከፈትላቸዋል። ሌላው ሰው በር የሚይዘው ለወጉ ነው። ወለላ ግን የምትይዘው የእውነት ነው። አንድ የዋጃ ሙሽራ እሷ በያዘችው በር ላይ ቆሞ ቆሞ፣ ጨፋሪዎቹ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ መጨረሻ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አውልቆ ነበር። ሴት ልጁን የሚድር ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት የወለላን ቀን የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሥርዓት አላት። ግቢው ስንት በር ቢኖረው ሁሉም የሚከፈተው በእሷ እልልታ ብቻ ነው። የወለላ እልልታ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ እጥፍ ብሎ ይመለሳል፣ ከሌላ ሰው ጋር አይምታታም። ዋናውን በር የያዘችው እሷ እልል ስትል ቀጥሎ ያለውን በር የያዘ ሰው ይከፍታል፣ እሱም እልል ይላል፤ የሱን የሰማው ደግሞ የራሱን ይከፍታል። እንዲህ እያለ ወሬው አጥር አጥሩን ይዞ ይዞራል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

በር ላይ እንዲህ የሆነችው ሴት ትምህርት ላይ ግን ተሸንፋ ነበር። ቅዳሜና እሁድ እየተማረች ከጤና ረዳትነት ወደ ነርስነት ለማደግ ስትታገል ሁለት ዓመት ሆኗታል። መርፌ አያያዝ ያስተማረቻቸው ልጆች ኮሌጅ ገብተው፣ ነርስ ሆነው፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ተመድበው «ሲስተር» ሲባሉ እሷ «ወለላ» እንደተባለች ቀርታለች። ማንንም አልወቀሰችም። ብቻ አንድ ቀን በር ላይ ያለ በሽተኛ «ሲስተር» ብሎ ሲጣራ ሳታስበው ዞር አለች፤ የተጠራችው ግን ከኋላዋ ያለችው ልጅ ነበረች። በማግስቱ ተመዘገበች።

ሁሉንም አለፈች፣ ፊዚዮሎጂ ሲቀር። እሱን ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከወደቀች ትሰናበታለች፣ የሲስተርነቱም ነገር በዚያው ያበቃል። የጣላት ደግሞ አንድ ምዕራፍ ነበር። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ በሽፋኑ ግራና ቀኝ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይዞ እንደሚኖር የሚናገረው።

ወለላ የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ በአያሌው ግቢ ነው። ከጓሮ በኩል የምትዋሰናቸው ኡሙሃኒ ናት፣ የልብ ጓደኛዋ። አንድ ቀን ኡሙሃኒ ለፍየሎቿ ቅጠል ስታቀርብ ወለላ መጽሐፏን ይዛ አጥሩ ጋ መጣች።

«ኡሙሃኒ፣ ሰውነትሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ ብልሽ ታምኛለሽ?»

«ቤቴ ውስጥ እንኳ በፈረቃ ነው» አለች ኡሙሃኒ፣ ቀና ሳትል።

«መጽሐፉ ነው የሚለው። እያንዳንዱ ሕዋስ፣ ሰባ ሚሊ ቮልት ገደማ። ውስጡ ኔጌቲቭ፣ ውጩ ፖዘቲቭ።»

«ቆጣሪውን ማን ያነበዋል?»

«አትቀልጂ፣ ልወድቅ ነው።»

«አትወድቂም ኢንሻአላህ። እሺ፣ ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«ሕዋሱ ውስጥ በብዛት ያለው ፖታሲየም ነው፤ ፖዘቲቭ ነው። ውጭ የሞላው ሶዲየም ነው፤ እሱም ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ ኔጌቲቩ ከየት መጣ?»

ኡሙሃኒ ቅጠሉን እንደያዘች አሰበች። «ከባልየው ወገን ይሆናል» አለች።

ወለላ ስቃ ተመለሰች፤ ግን ሌሊቱን ሲከነክናት አደረ። መጽሐፉን እንደ ዳዊት ደግማዋለች፣ በቃሏ ትወጣዋለች፤ ያቺ አንዲት ጥያቄ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች።

የሚያስረዳት ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሞላ አለ። ሞላ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እንዲያውም የአያሌውን ልጅ ፀዲን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ተፈቅዶለታል። የሩቅ ሰው አይደለም፣ ሊዛመዳት የመጣ ነው። ግን በጠየቀችው ቁጥር ወይ ድንኳን ሊያይ፣ ወይ ሱፍ ሊለካ፣ ወይ ጥሪ ሊያድል ይሮጣል።

«ከሰርጉ በኋላ እትዬ ወለላ፣ አረፍ ብለን በደንብ አስረዳዎታለሁ።»

ፈተናው ከሰርጉ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ነው። ከሰርግ በኋላ ደግሞ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። ጫጉላ ላይ ያለ ሙሽራ ስለ ፖታሲየም ሲያስረዳ ያየ የለም። ወለላ ይህን ስታወጣና ስታወርድ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ሞላ ከእሷ አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግበት ሰዓት አለ። በሕይወቱ አንዴ ብቻ የሚመጣ ሰዓት ነው፤ እሱም በር ላይ ነው።

ለማንም አልተነፈሰችም።

ቀኑ ደረሰ። ወሩ ጥር ነው፤ የቆቦ ፀሐይ ግን ወር አትለይም። የአያሌው ግቢ ሦስት በር አለው። ዋናው የቆርቆሮ በር የወለላ ነው። በቅያሱ በኩል ያለውን ለሰፈሩ ልጃገረዶች ሰጠች። ከኡሙሃኒ ግቢ የሚያገናኘውን የጓሮ በር፣ ወጥ ቤቱ ጋ ያለውን፣ ለራሷ ለኡሙሃኒ አስረከበች። «እልልታዬን ሳትሰሚ ለመልአክም አትክፈቺ» አለቻት። ከአጥሩ ጎን ደግሞ የግቢው ሰው ብቻ የሚያውቃት አንዲት ጠባብ ክፍተት አለች፤ የሙሽሪት ወገን ወንዶች ሙሽራው መምጣት አለመምጣቱን ለማየት ገና ከጠዋቱ በእሷ እየሾለኩ መውጣት ጀምረዋል። ወለላ እነሱን ክንዳቸውን እየያዘች ስትመልስ፣ ከሙሽራው ወገን ቀድመው ገብተው ጠላ የያዙትን ደግሞ እየገፋች ስታስወጣ አረፈደች። ሦስት ታስወጣለች፣ ሁለት ታስገባለች። ኡሙሃኒ በየመሀሉ ዳቦ ታቀብላታለች።

መኪኖቹ እያንጫረሩ መጡ። የመጀመሪያው ሚዜ ጋሹ የሽቶውን ጠርሙስ እንደ ሽጉጥ ይዞ ወደ ቆርቆሮው ተጠጋ።

«እትዬ ወለላ፣ በሰላም ይክፈቱልን።»

«ሽቶውን ለሙሽራው ቆጥብለት፣ በላብ ተጠምቋል» አለች ወለላ በሩ ስንጥቅ ላይ ዓይኗን አድርጋ።

«ከረሜላም አለን።»

«ጥርሴን አታበላሽ። ሙሽራውን አቅርበው። አንድ ነገር ይመልስልኝና ትገባላችሁ።»

ጋሹ ፊቱ በራ። እንዲህ በቀላሉ ያልፋል ብሎ አልጠበቀም። ሞላን ገፋ አድርጎ ከፊት አቆመው።

«ይጠይቁኝ በላቸው» ብሎ ሹክ አለው።

ወለላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ፖታሲየም ፖዘቲቭ ነው። ሶዲየም ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ ኔጌቲቩ ከየት መጣ?»

ውጭ ጭብጨባው ቆመ። አንዱ ሚዜ «እንቆቅልሽ ነው እንዴ?» አለ። ሌላ ሙሽራ ቢሆን ይስቅ ነበር፣ ወይም ሽማግሌ ይጠራ ነበር። ሞላ ግን መምህር ነው፤ መምህርን ደግሞ ጥያቄ ከጠየቁት ሰርጉን ይረሳዋል። ጥቁር መነጽሩን አወለቀ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ።

ጋሹ ዓይኑን ጨፈነ።

«እትዬ ወለላ፣ ይኼ ግቢ አንድ ሕዋስ ነው ይበሉ። አጥሩ ሽፋኑ ነው፤ ማንም ዝም ብሎ አያልፈውም። እናንተ ውስጥ ያላችሁት ወንዶች ፖታሲየም ናችሁ። እኛ ውጭ ያለነው ሶዲየም ነን።»

«እንግዲህ ጨው ሆንን» አለ ጋሹ።

«የጨው ግማሽ» አለ ሞላ። «አሁን ዳሱ ውስጥ ከወንዶቹ ሌላ ማን አለ?»

«ሚስቶቻቸው» አለች ወለላ።

«ሚስቶቹ ኔጌቲቭ ናቸው።»

ከውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። ሞላ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለሂሳቡ ያህል ነው እናቶቼ፣ ስድብ አይደለም። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይጣፋሉ፣ ሂሳቡ ዜሮ ነው፤ ኤሌክትሪክ የለም። ሚስቶቹ ትልልቅ ፕሮቲኖች ናቸው፣ ወንዶቻችሁ እየሾለኩ በሚያዩን ክፍተት አይወጡም።»

«ማንን ነው ትልልቅ የሚለው?» አለች አንዲት ሴት ከዳሱ። «ይግባና ያየናል።»

«ቀጥል» አለች ወለላ።

«ወንዶቹ ውስጥ ተጨናንቀዋል፣ ውጭ ግን የእነሱ ዓይነት ሰው የለም። ስለዚህ በዚያች በጠባቧ ክፍተት ይሾልካሉ። እኛ የት እንዳለች አናውቅም፣ በእሷ አንገባም።»

«የት ናት?» አለ ጋሹ፣ አንገቱን እያዞረ።

«አንተ ዝም በል» አሉት ወለላና ሞላ እኩል።

«አንድ ባል በሾለከ ቁጥር» አለ ሞላ፣ ጣቱን አንስቶ፣ «እዚያ ውስጥ አንዲት ሚስት ብቻዋን ትቀራለች።»

ወለላ ዞር ብላ ወደ ዳሱ አየች። እውነትም አግዳሚዎቹ ላይ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ከጎኗ ክፍት ቦታ፣ ፊቷ ቅጭም ብሎ።

«ሁሉም ሾልከው አያልቁም?» አለች ወለላ ቀስ ብላ።

«አያልቁም። ጥቂት ከወጡ በኋላ የሚስቶቹ ጥሪ ይበረታል። መጨናነቁ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ጥሪው ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ባልየው ክፍተቷ ላይ አንድ እግሩን አውጥቶ ይቀራል። ሰባ ሚሊ ቮልቱ እዚያ ገደማ ነው።»

«እኔስ? እኔ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎ ፓምፑ ነዎት። ከእኛ ሦስት ያስወጣሉ፣ ከእናንተ ሁለት ያስገባሉ። ያለ ምግብ ግን አይሠሩም።»

ወለላ አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ ዋጠች። «ባቆምስ?»

«ወዲያው አይፈርስም። ግን እያደር ሁሉም ይደባለቃል። ውስጥና ውጭ አንድ ይሆናል፣ ሕዋሱም ይሞታል።»

በዚህ መሀል አያሌው ምሳ ላይ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር እንደተቀመጠ ሰው ላከ፦ «ወለላን ሙሽራውን እንዳታደርቂብን በላት።» ወለላ አልሰማችም። ቆርቆሮውን ተደግፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«እንግዲያው» አለች፣ «ኔጌቲቩ ከየትም አልመጣም። እዚያው ነበር። ፖዘቲቩ ትቶት ስለወጣ ነው የታየው።»

«እሱ ነው» አለ ሞላ።

ሁለት ዓመት ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው አጥንት ወረደ። አጥንት የወረደለት ሰው ምን ያደርጋል? ወለላ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። ረጅሙን፤ መጨረሻው ላይ እጥፍ የሚለውን።

ምን እንዳደረገች የገባት እልልታው ሳያልቅ ነው። ግን እልልታ ከወጣ በኋላ አይዋጥም።

አጠገቧ ያሉት ልጆች የበሩን መቀርቀሪያ ሳቡት። የቅያሱ ልጃገረዶች ሰምተው ከፈቱ፣ እልል አሉ። የእነሱን ኡሙሃኒ ሰማች፤ እሷም ከፈተች፣ እልል አለች። ጋሹ ሽቶውን ወደ ሰማይ እየረጨ ገባ፣ ሚዜው ገባ፣ ጨፋሪው ገባ፣ የቪዲዮ ካሜራ የያዘው ሰው በጎኑ ገባ። ቅጭም ብሎ የነበረው የበር አፍ በአንዴ በሙሽራ ወገን ጭፈራ ተጥለቀለቀ። ወዲያው ደግሞ የተጨናነቁት የሙሽሪት ወገን ወንዶች አየር ፍለጋ በተገኘው ቀዳዳ ወደ ውጭ ፈሰሱ። በጓሮ በኩል የኡሙሃኒ ፍየሎችም እልልታውን ለራሳቸው ቆጥረው ወጥ ቤት ገቡ፤ የሙሽራውን ትልቁን ዳቦ ከጠርዙ ጀመሩት።

ወለላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በር አስረከበች። ቆርቆሮው ጋ ተለጥፋ ሁሉም ሲያልፋት አየች። ከዚያ ወደ ውጭ ስትመለከት ሙሽራው አልገባም። ሁሉም ገብቶ ሞላ ብቻ፣ ጣቱን እንዳነሳ፣ ባዶ መንገድ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ወለላ» አለ ረጋ ብሎ፣ «የቀረው ግማሽ ምዕራፍ ይኼው ነው። ነርቭ መልእክት የሚልከው እንዲህ ነው። አንዱ በር ሲከፈት ቀጣዩን ያስከፍተዋል፣ ሶዲየም ይገባል፤ ወዲያው በሩ ይዘጋል፣ ፖታሲየም ይወጣል።»

«እሺ» አለች ወለላ፣ እጁን ይዛ እየሳበችው። «አሁን ግን ግባ፣ ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው።»

ፀዲ በእርግጥም እየጠበቀች ነበር፤ ግማሹን ትምህርት በመስኮት ሰምታለች። «ፖታሲየም ከሆንክ በኋላ እንዳትሾልክ» አለችው ሲገባ። እሱም ሶዲየም መሆኑን ሊያርማት ሞክሮ ጋሹ አፉን ያዘው።

ወለላ ግቢውን ዞራ ስታይ አንድ ነገር አስገረማት። ያ ሁሉ ግርግር በሮቹ አፍ ላይ ብቻ ነበር። የዳሱ ወለል እንደነበረ ነው። ከዳር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጉርሻቸውን አላቋረጡም። አያሌው ጎኑ ስትቆም ቀና ብሎ «ገቡ እንዴ?» አላት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ቆቦ ያውቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ሆነች። የዋጃው ሙሽራ፣ ያ ጫማውን ያወለቀው፣ ሚስቱን ይዞ «እግዜር ያጥናሽ» ሊላት መጣ፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት ውሃ ለመነ። እሱስ ይሁን። የከፋው የኡሙሃኒ ነው። ፍየሎቹ የሙሽራ ዳቦ በሉ ተብሎ አላፊ አግዳሚው «ሠርገኞችሽ ደህና ናቸው?» ይላት ጀመር። «ወላሂ ከእንግዲህ የማንንም በር አልይዝም» ብላ ሮቢት ከተማ ልጇ ዘንድ ሄደች። ወለላን እንኳ አልተሰናበተቻትም።

ፈተናው ደረሰ። የቃል ፈተና ነው። ፈታኙ ረጋ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ገና «የሕዋስ ውስጥ ለምን ኔጌቲቭ ሆነ?» ሲላት ወለላ ባሎቹን አስወጣች፣ ሚስቶቹን ብቻቸውን አስቀመጠች። ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ክንዱን አጣጥፎ አዳመጠ። ፓምፑን ነገረችው፣ ዳቦውን ሳይቀር። የነርቩን መልእክት ጠየቃት፤ በሮቹን አንድ በአንድ ከፈተችለት።

ከዚያ ሁለት ጊዜ የጣላትን ጥያቄ አመጣው። «አንድ መልእክት ለማስተላለፍ ከሕዋሱ አዮኖች ምን ያህሉ ሽፋኑን ማለፍ አለባቸው?»

ባለፈው «ሁሉም» ብላ ነበር። ከዚያ በፊትም እንዲሁ «ሁሉም»።

«እጅግ ጥቂት» አለች። «በሩ አፍ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ልዩነቱም ያለው እዚያው ሽፋኑ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ምሳቸውን አላቋረጡም።»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?»

«ወንድሜና ጓደኞቹ።»

ፈታኙ እስክሪብቶውን እንደገና አነሳ። «የጓሮውን በር የያዘችው ሴት እልልታውን ሰምታ ባትከፍት ኖሮስ?» አለ።

«መልእክቱ እዚያው ይቀር ነበር» አለች ወለላ። «እሷ ናት ያደረሰችው።»

ይኼው ነው። ዛሬ ጠዋት ስሟ መሀል ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ወለላ ሰሌዳው ፊት ቆማ እልል አላለችም፤ የትኛው በር እንደሚከፈት አይታወቅም ብላ ይሆናል። ስትመለስ ጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት ልጇን የታቀፈች ገበሬ «ሲስተር» ብላ ተጣራች። ወለላ መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም። «አቤት» አለች።

ወረቀቱ ላይ ይህን ያህል ይበቃል። ኡሙሃኒ ሮቢት ናት፤ ስልኳ ከጠዋት ጀምሮ አይሠራም። ፍየሎቿ ዳቦ የበሉበት በር ነርስ እንዳስመረቀ እስካሁን አልሰማችም። ሌላ ሰው ከነገራት ደግሞ ግማሹን ይጥልባታል፤ ፈታኙ ስለ ጓሮው በር የጠየቀውን ማን ያስታውሳል? ሚኒባሱ «ሮቢት፣ ሮቢት» እያለ ነው። አንድ ሰው ነው የጎደለው። ቆይ፣ መጣሁ በሉት